ድምፁን ማን ጠየቀ?

ስልክ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ቆም ብላችሁ ሰው ሲገዛ ተመልከቱ። መጀመሪያ የሚጠየቀው የካሜራው ጥራት ነው። ቀጥሎ ሚሞሪው፣ ራሙ፣ የስክሪኑ ስፋት፣ ቻርጁ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ። ገዢው ካሜራውን ከፍቶ ሻጩን ፎቶ ያነሳል፣ ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ ያስኬዳል፣ የጀርባውን ቀለም በብርሃን እያገላበጠ ያያል። ዋጋ ይከራከራል፣ ከቨርና የስክሪን መከላከያ በምርቃት ይጠይቃል፣ ከፍሎ ይወጣል። በዚህ ሁሉ መሃል ቀፎውን ጆሮው ላይ አድርጎ አንድ ሰው ጋ ደውሎ "ይሰማል?" የሚል ገዢ ማየት ብርቅ ነው። ሻጩም ደውለህ ሞክረው አይልም።

ፎቶውም ቪዲዮውም የየራሱ ጥቅም አለው። ነገር ግን በዚህ አገር ከስልክ ላይ ሁሉም ነገር ተነስቶ አንድ ብቻ ይቅር ቢባል፣ መቅረት ያለበት ድምፅ ነው ብዬ አምናለሁ። ማንበብና መጻፍ ያልተማረ ሰው ቴሌግራም አይከፍትም፤ ይደውላል። ልጇ አረብ አገር በሰላም መግባቷን የምትጠብቅ የገጠር እናት የምትጠብቀው ጥሪ ነው። እህሉን ጭኖ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የከተማውን ዋጋ ማወቅ የሚፈልግ ገበሬ ነጋዴው ጋ ይደውላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊት ምጥ ሲመጣ፣ ቤት ሲቃጠል 907 ወይም 939 ይደወላል እንጂ መልእክት አይጻፍም። የሚቆራረጥ ጥሪ ወጣቱን ያናድደዋል፣ ከዚያ ወደ ጽሑፍ ይሻገራል። ለእነዚህ ሰዎች ግን የሚሻገሩበት ሌላ መንገድ የለም። በደከመ መስመር ላይ "ሰላሳ" ስትባል "ስልሳ" የሰማ ነጋዴ ኪሳራውን ከራሱ ኪስ ነው የሚከፍለው።

ስልክ ወደዚህ አገር የገባውም ለድምፅ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረው የአዲስ አበባና የሐረር መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ያን ያህል ሽቦ የተዘረጋው የቀናት መንገድ የሚፈጀውን ወሬ በአፍ ለመለዋወጥ ነው። ሞባይል የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔቱ፣ ገንዘብ ማስተላለፊያው፣ ፊልሙ ተደራረበበትና የመጀመሪያው አገልግሎት ከሥር ተቀብሮ ቀረ። ማስታወቂያውም ሱቁም ስለ ጊጋባይት ያወራል። ስለ ጥሪ ጥራት የሚናገር ማስታወቂያ ለማግኘት ፈልጉ።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የትኛውን ኩባንያ ልምረጥ የሚል ጥያቄ ራሱ አልነበረም። በ2013 ሐምሌ ሁለተኛው ፈቃድ ተሰጠ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2014 ነሐሴ ድሬዳዋ ላይ በሙከራ ጀምሮ በ2015 መስከረም አዲስ አበባ ገባ። 09 ብቻ የነበረው ሞባይል 07ም ሆነ። ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው፤ ሳፋሪኮምም 10 ሚሊዮንን አልፏል። ምርጫ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። የምንመርጥበት መንገድ ግን ያሳስበኛል። ሰው ሁለቱን የሚያወዳድረው በጥቅል ዋጋ ነው፤ በስንት ብር ስንት ደቂቃ፣ ስንት ጊጋ። የተገዛው አንድ ሺህ ደቂቃ ግን ግማሹ "ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም፣ ቆይ ልውጣ" ከሆነ ርካሽ አልተገዛም።

"የቱ ይሻላል?" ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ በአገር ደረጃ ይሰጣል፤ እገሌ ይሻላል፣ እገሌ አይረባም። እንዲህ ያለ መልስ ለጥሪ አይሠራም። ቦሌ ላይ ጥርት ያለው ኔትወርክ አንድ ገጠር ቀበሌ ላይ ጭራሽ ላይኖር ይችላል፤ እዚያው ቦሌ ላይ እንኳ አንዱ ሕንፃ ውስጥ ሌላ ነው፣ ከደጁ ሌላ ነው። ጥያቄው መሆን ያለበት የት ሆኜ፣ ከማን ጋር ነው የማወራው የሚል ነው።

ከማን ጋር የሚለው በብዛት ይረሳል። ጥሪ ሁለት ጫፍ አለው፤ ጥራቱን የሚወስነው ደካማው ጫፍ ነው። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ውድ ስልክ ቢገዛ፣ ምርጥ ኔትወርክ ቢይዝ፣ እናቱ ያሉበት መንደር ከኮረብታ ጀርባ ከሆነና የያዙት ሲም እዚያ የማይደርስ ከሆነ ውድ ስልኩ ምንም አይጨምርላቸውም። በየገጠሩ ኔትወርክ የሚገኝባት የታወቀች ጉብታ ወይም ዛፍ ሥር አለች፤ ሰው ለመደወል እዚያ ድረስ ይወጣል፤ ሌላው ሲደውልለት ግን እዚያ የለም። ስለዚህ ለቤተሰብ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ መውጣት ያለበት ለደካማው ጫፍ ነው። የእናትን ሲምና የእናትን ቀፎ አስተካክሉ፤ የእናንተ ይደርሳል። ሁለቱ ኩባንያዎች እርስ በርስ ስለሚያገናኙ 07 ይዞ 09 ጋ፣ 09 ይዞ 07 ጋ መደወል ይቻላል። ሁሉም የቤተሰብ አባል አንድ ዓይነት ሲም እንዲይዝ የሚያስገድድ ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ባለበት ቦታ የሚይዘውን መያዝ ይችላል።

ሽፋን ሲባል በምን እንደተለካ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኩባንያዎች የሚናገሩት መቶኛ አብዛኛውን ጊዜ የሕዝብ ብዛት እንጂ የመሬት ስፋት አይደለም፤ ደግሞም ደጅ ላይ የቆመ ሰው የሚያገኘውን ነው የሚያሰላው። የእኛ ሰው ግን የሚኖረው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ከላይ የሚመጣውን ሞገድ ወደ ውጭ ይመልሰዋል፤ ዙሪያው ጭምር ቆርቆሮ ከሆነ ክፍሉ ዝግ ሳጥን ነው። ለዚህ ነው ሰው በሩ ላይ ቆሞ የሚያወራው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ብረት የተቀበረበት ኮንክሪት ነው፤ መሃል ያለው ኮሪደርና መታጠቢያ ቤት ከሁሉ ይደክማል። አዳዲሶቹ ባለመስታወት ሕንፃዎች ምንም ነገር የማይከለክሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ፀሐይ ለመመለስ መስታወቱ ላይ የሚቀባው ስስ የብረት ሽፋን የስልኩንም ሞገድ ይመልሳል። የመርካቶ የገበያ ሕንፃዎች ምድር ቤት ያሉ ባለሱቆችን ጠይቋቸው፤ ደንበኛ ደውሎ ሲያጣቸው የሚያጡትን ሽያጭ ይነግሯችኋል።

የመልክዓ ምድሩ ነገርም አለ። የስልክ ሞገድ ተራራ አይበሳም። ዝቅተኛው ሞገድ፣ በ900 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው፣ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም የተሻለ ያልፋል፤ ከፍተኛው፣ ከ1800 በላይ ያለው፣ ብዙ ዳታ ይሸከማል እንጂ ቶሎ ይደክማል። ለዚህ ነው ኢንተርኔቱ በጣም የሚፈጥንበት ሰፈር ውስጥ ጓዳ ሲገባ ጥሪ ሊቋረጥ የሚችለው። በኢንተርኔት ፍጥነት ጥሪን የሚመዝን ሰው በሌላ ሚዛን ነው የሚመዝነው።

መብራትንም አትርሱ። የኔትወርክ ማማ ላይ ያለው መሣሪያ በመብራት ነው የሚሠራው። መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪ ወይም ወደ ጄኔሬተር ይዞራል፤ ባትሪው ሲያልቅ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል። በየሳምንቱ ለሰዓታት መብራት በሚጠፋበት ከተማ የምትኖሩ ከሆነ፣ ከሁለቱ ኩባንያዎች የትኛው መብራት በጠፋ በሦስተኛው ሰዓት እንደሚቆይ ጎረቤትን መጠየቅ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይጠቅማል። ይህን የሚያውቁት እዚያው የሚኖሩ ናቸው፤ በተለይ ሌሊት ጥበቃ የሚያድሩ ሰዎች።

እንዴት ይሞከራል? ሲም ካርድ ርካሽ ነው፤ ከስልኩ በፊት ሲሙን መሞከር ይቻላል። የሌላውን ኩባንያ ሲም የያዘ ዘመድ ወይም ጎረቤት ቤታችሁ ጠርታችሁ፣ ከምትተኙበት ክፍል፣ ከወጥ ቤት፣ ከምትሠሩበት ቦታ ደውሉ። አንዴ በቀን፣ አንዴ ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባና መስመሩ ሲጨናነቅ። ማማው ላይ ሰው ሲበዛ ኔትወርኩ ለያንዳንዱ ጥሪ የሚሰጠውን ቦታ ሊያጠበው ይችላል፤ ጥሪው ይገባል፣ ድምፁ ግን ይኮሰምናል። የበዓል ዋዜማ የሚሰማው ያ የታፈነ ድምፅ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ቢያንስ አምስት ደቂቃ አውሩ፤ ብዙ ጥሪ የሚቋረጠው ከተጀመረ በኋላ ነው። በተለይ በመኪና እየሄዱ ሲያወሩ፣ ስልኩ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ሲሸጋገር።

ስክሪኑ አናት ላይ ባሉት የኔትወርክ ጭረቶች ብዙ አትተማመኑ። አራት ጭረት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዱ አምራች ለራሱ ነው የሚወስነው፤ የአንዱ ስልክ ሦስት ጭረት የሌላው ሁለት ሊሆን ይችላል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚለው ክፍል፣ የሲም ሁኔታ የሚለው ሥር፣ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይታያል። በ4ጂ ላይ -90 አካባቢ ወይም ከዚያ ለዜሮ የቀረበ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ወደ -110 ከወረደ ደካማ ነው። አሥር ቁጥር በወረደ ቁጥር የሚደርሰው ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። ስለዚህ በ-95 እና በ-105 መሃል ያለው ልዩነት በዓይን ትንሽ ቢመስልም ጓዳ ውስጥ ጥሪውን የሚያቋርጠው እሱ ነው። ሁለቱን ሲሞች በአንድ ቀፎ ላይ እያፈራረቃችሁ ይህን ቁጥር ብትመለከቱ ስለ ራሳችሁ ቤት ከማንም የተሻለ ታውቃላችሁ።

ወደ ቀፎው ልምጣ። የድሮው የስልክ ጥሪ የሰውን ድምፅ በሙሉ አይሸከምም። ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ያስተላልፋል፤ የ"ሰ"ና የ"ፈ" ልዩነት ያለው ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። ጆሯቸው ለደከመ አረጋውያን ስልክ የሚከብድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከ50 እስከ 7000 ኸርዝ የሚሸከም ሰፊ የድምፅ ጥሪ አለ፤ በ3ጂ ላይም በ4ጂ ላይም ሊሄድ ይችላል። ግን የሁለቱም ሰዎች ቀፎና በመሃል ያለው ኔትወርክ ሁሉ የሚችለው መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ጥሪው ወደ ጠባቡ ይመለሳል። እንደገና ደካማው ጫፍ።

ብዙ 4ጂ ስልክ ሲደወልበት 4ጂውን ትቶ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። ስትደውሉ ከላይ ያለው ምልክት ሲቀየር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ድምፅን በ4ጂ ላይ የሚያስኬደው ቮልቲኢ የሚባለው አገልግሎት ነው፤ ጥሪው ቶሎ ይገባል፣ ድምፁ ይጠራል፣ እያወሩ ኢንተርኔቱ አይቆምም። እንዲሠራ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ኩባንያው በዚያ አካባቢ አስጀምሮት መሆን አለበት፣ ቀፎው የሚችል መሆን አለበት፣ ኩባንያው ደግሞ ያንን የቀፎ ሞዴል የተቀበለው መሆን አለበት። ሱቅ ውስጥ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሻጩ ካላወቀ ወደ ኩባንያው ጥሪ ማዕከል፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700፣ ተደውሎ ይጠየቃል።

ባለሁለት ሲም ስልክ የዚህ አገር ሰው ራሱ ያገኘው መፍትሔ ነው፤ 09ኙን የሚያውቁት ሰዎች እንዳያጡት ይይዘዋል፣ 07ቱን ለጥቅሉ ይጨምራል። ጥሩ ዘዴ ነው። ሁለት ነገር ግን እወቁ። በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ በአንዱ ሲም እያወራችሁ ሳለ በሌላው የሚደውል ሰው አያገኛችሁም፤ ስልኩ ሁለት ሲም ቢኖረውም የሬዲዮ መሣሪያው አንድ ነው። በአንዳንድ ርካሽና የቆዩ ቀፎዎች ደግሞ ሁለተኛው የሲም ቦታ 2ጂ ብቻ ነው የሚይዘው። ዋናው የምትደውሉበትን ሲም በመጀመሪያው ቦታ አድርጉ።

ከአሜሪካ የሚመጣ ስልክ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ላኪው የደከመበትን ገንዘብ አውጥቶበታል። ከመላኩ በፊት ሦስት ነገር ቢያጣራ ድካሙ ከንቱ አይቀርም። ስልኩ በገዛበት ኩባንያ የተቆለፈ ከሆነ የእኛን ሲም አይቀበልም። ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የሲም ካርድ ማስገቢያ ጭራሽ የለውም፤ ካርድ በማያስፈልገው ዲጂታል ሲም፣ በኢሲም፣ ብቻ ነው የሚሠራው። ሦስተኛው የሚይዛቸው ሞገዶች እዚህ ከሚሠራባቸው ጋር መግጠማቸው ነው። በተቃራኒው ደግሞ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ዋሽንግተን የሚሄዱ ወላጆች አሉ። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የ3ጂ ኔትወርካቸውን ስለዘጉ፣ ከዚህ ይዘውት የሄዱት ቮልቲኢ የሌለው ስልክ እዚያ ጥሪ ላያስገባ ይችላል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ስልካቸው ሲዘጋባቸው ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያስቸግርም።

ከውጭ የሚመጣ ጥሪ የሚጎዳበት ሌላም ምክንያት አለ። ልጅ ከውጭ አገር ደውሎ ሳለ ስልኩ ላይ የአገር ውስጥ ቁጥር ይታያል። ጥሪው በሕጋዊው መንገድ አልገባም፤ ብዙ ሲም በተሰካበት ሕገወጥ መሣሪያ በኩል ተቀይሮ ነው የገባው። ድምፁ በኢንተርኔት ተጨምቆ ይመጣል፣ መሣሪያው ውስጥ እንደገና ይጨመቃል፣ ይዘገያል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይናገራሉ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ዝም ይላሉ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ደዋዩ በርካሽ ካርድ የገዛው ደቂቃ እንዲህ እንደሚመጣ አያውቅም፤ ተቀባዩም የእኔ ስልክ ተበላሸ ብሎ ቀፎ ይቀይራል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲታያችሁ ለኩባንያው አሳውቁ።

ለአረጋውያን ቀፎ ስትመርጡ ባለቁልፉን አትናቁ። ድምፁ ጮክ ይላል፣ ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ ቁልፉ በጣት ይታወቃል። ገጠር ኔትወርክ በደከመበት ስልክ ማማ ፍለጋ ኃይሉን ይጨርሳል፤ ስለዚህ የባትሪው ትልቅነት ለምቾት ብቻ አይደለም። ድሮ የተገዛ ስልክ ድምፁ ደከመ ሲባል ደግሞ ከመጣሉ በፊት የማይክሮፎኑ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኖ እንደሆነ፣ ከቨሩ ሸፍኖት እንደሆነ ተመልከቱ።

ይህን ሁሉ ግን እያንዳንዱ ሰው ብቻውን እየሞከረ እንዲያጣራ መተው ትክክል አይመስለኝም። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው ዘርፉን እንዲቆጣጠር ነው፤ የአገልግሎት ጥራትንና የተጠቃሚን መብት የሚመለከቱ መመሪያዎችም አውጥቷል። እኔ የምጠይቀው በየወረዳው ከመቶ ጥሪ ስንቱ እንደተቋረጠ፣ ስንቱ ጭራሽ እንዳልገባ፣ የየኩባንያው ለብቻው ተለይቶ፣ በየሩብ ዓመቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎችም ቋንቋዎች በሬዲዮ እንዲነገር ነው። መለኪያው ደጅ ላይ በቆመ መኪና ብቻ ሳይሆን በቆርቆሮ ቤት ውስጥም ይሁን። ኬንያ ቁጥርን ሳይቀይሩ ኩባንያ መቀየርን እ.ኤ.አ. በ2011 ጀምራለች፤ እኛ ዘንድም ይህ ለተራው ደንበኛ በተግባር መድረስ አለበት። ሰው 09ኙን የሚያውቁ ደንበኞቹን እንዳያጣ ብሎ በማይሰማ መስመር ላይ የሚቆይ ከሆነ ፉክክሩ እሱ ጋ አልደረሰም።

ሱቆችም አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ። ካሜራው የሚሞከርበት ስልክ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ሁሉ፣ ሁለት ሲም የገባበት፣ የሚደወልበት አንድ ቀፎ ይኑር። ገዢም ይጠይቅ።

ጥሪ ሲቋረጥባችሁ ደግሞ "ኔትወርክ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ያላችሁበትን ሰፈርና ቤት ውስጥ ወይም ደጅ መሆናችሁን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደወላችሁለትን ቁጥር ጻፉና ለኩባንያው ጥሪ ማዕከል አስመዝግቡ፤ የአቤቱታውን ቁጥር ተቀበሉ። ኩባንያው ካልመለሰ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ወደ ባለሥልጣኑ ሂዱ። "እዚህ ሰፈር ኔትወርክ አይሠራም" ከሚል ቅሬታ ይልቅ፣ አንድ ቦታ ላይ በአንድ ሰዓት የተቋረጡ የብዙ ጎረቤቶች ጥሪ ተዘርዝሮ ሲቀርብ የማማውን ባትሪ ለመቀየር የሚወጣ ቴክኒሻን የት እንደሚሄድ ያውቃል።